በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሁለተኛ ግራፊክስ ካርድ በትንሽ ወጪ መጨመር

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ፕላን ብቻ አይበቃውም። ሳሎኑ ምን እንደሚመስል፣ ደረጃው በየት እንደሚወጣ፣ የፊት ለፊቱ ቀለም ከአጥሩ ጋር ይሄድ እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይፈልጋል። ይህን ብሌንደር በሚባለው የሦስት አቅጣጫ (3ዲ) ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ሠርቶ ማሳየት የኔ እንጀራ ነው። ደንበኛው አመሻሽ ላይ ይደውላል። «እህቴ፣ ሴራሚኩን ቀይሪውና ጠዋት አሳዪኝ» ይላል። ሴራሚኩን መቀየር ቀላል ነው። ሌሊቱን የሚበላው ምስሉን ሬንደር ማድረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ እስኪያወጣ መጠበቅ ነው።

የምሠራበት ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፤ ትልቁ ኬዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሞዴል። ከቢሮ የወጣ ዕቃ ስለሆነ በየቦታው ይገኛል። አሁን ሁለት ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የሚያሰሉ ሁለት ቦርዶች፣ ይዞ ይሠራል። በተመሳሳይ ማሽን ላይ ለምትሠሩ ሁሉ መንገዱን ልጻፍላችሁ። ዋጋ ግን አልጽፍም፤ የዛሬው ዋጋ በሚቀጥለው ወር አይሠራም።

ለየትኛው ሥራ?

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን መልሱ። ለጌም ከሆነ ይቅርባችሁ። የዛሬ ጌሞች የሚጠቀሙት አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ ያላችሁን ሸጣችሁ የተሻለ አንድ ግዙ። ቪዲዮ በነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ የምትሠሩም እንዲሁ፤ ነጻው እትም ሁለተኛውን ካርድ አይነካውም። ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር የሬንደር ሞተር የምትሠሩ ግን ሁለቱም ካርዶች ሥራውን ይካፈሉላችኋል። ሦስትና አራት ሞኒተር ለሚፈልግም ሁለተኛ ካርድ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ሁለት ባለ 4 ጊጋ ካርድ ለብሌንደር 8 ጊጋ አይሆንም። ትዕይንቱ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሙሉ በሙሉ መጫን አለበት። ሶፋው፣ መጋረጃው፣ የግድግዳው ቴክስቸር ሁሉ ሁለት ጊዜ ይጫናል። ስለዚህ ባለ 4 ጊጋ ካርድ ላይ ባለ 2 ጊጋ ከጨመራችሁ ከባዱ ትዕይንት ትንሹ ካርድ ላይ አይበቃም። ወይ ይቆማል፣ ወይ ከኮምፒውተሩ ራም እየተበደረ ይንቀራፈፋል። በኮምፒውተራቸው ላይ የቋንቋ ሞዴል የሚያስኬዱ ሰዎች ጉዳይ ግን ይለያል። እንደ ኦላማ ያሉት ፕሮግራሞች ሞዴሉን ቆርሰው ለሁለቱ ካርዶች ያከፋፍላሉ። እዚያ ሜሞሪው በርግጥ ይደመራል።

ፓወር ሰፕላይ፣ ከካርድ በፊት

ገንዘባችሁን መጀመሪያ የምታወጡት እዚህ ላይ ነው። ርካሽ ካርድ ቢበላሽ ካርዱ ብቻ ይሄዳል። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ግን ማዘርቦርዱንም፣ ሃርድ ዲስኩንም፣ የደንበኛውንም ሥራ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የኔው 7010 ከፋብሪካ የመጣው በ275 ዋት ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ፕሮሰሰሩ አይ5 3470 እስከ 77 ዋት ይፈልጋል። አንድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ማራገቢያ አንድ ላይ 50 ዋት ያህል። ድምሩ 202 ነው። እስከዚህ ድረስ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። ሁለተኛ 1050 ቲአይ ሲጨመር 277 ይሆናል። ይህ እንኳን ለሌሊት ሙሉ ሥራ፣ ለአንድ ሰዓትም አይሆንም። እውነተኛ 450 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል።

«እውነተኛ» ያልኩት በምክንያት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት የተጻፈበትን አትመኑ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር እንደተጻፈ እዩና በ12 አባዙት። ለምሳሌ 18 አምፔር ከሆነ 216 ዋት ነው፤ ካርድና ፕሮሰሰር የሚጠቀሙት ደግሞ ይህንኑ የ12 ቮልት መስመር ነው። እኔ ከ32 አምፔር በታች የሆነ አልገዛም። በእጃችሁም መዝኑት። ቀፎው ባዶ የሆነ ዕቃ ሲያነሡት ይታወቃል። ያገለገለ ግን የታወቀ ብራንድ፣ አዲስ ግን ስሙ ከማይታወቅ በብዙ ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱና ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን ትልቁን ሶኬት ቀዳዳዎች ቁጠሩ። 24 ከሆነ ተራው ፓወር ሰፕላይ ይገባል። አንዳንድ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ግን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ የራሳቸው ሶኬት አላቸው። ለእነሱ መቀየሪያ ገመድ መፈለግ የግድ ነው።

ካርዱ

ለአሮጌ ቢሮ ኮምፒውተር የምመርጠው የራሱ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ካርድ ነው። ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ሙሉ ባለ 16 መስመር ስሎት እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በዚያ ውስጥ ይሠራል፤ 4 ጊጋ ሜሞሪና 768 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች) አለው። ጂቲኤክስ 1650 ደግሞ 896 ኮር ይዞ በ75 ዋት ይሄዳል። የሁለቱም አንዳንድ ዓይነቶች ባለ 6 ቀዳዳ ገመድ ይጠይቃሉ፤ ጫፉን አይታችሁ ግዙ። ኬዛችሁ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁመተ አጭር ካርድ ያስፈልጋችኋል።

የማትገዟቸውንም ልንገራችሁ። ጂቲኤክስ 600 እና አብዛኞቹ 700ዎቹ ድራይቨራቸው (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) 470 በሚባለው እትም ላይ ቆሟል። አንዱ ካርዳችሁ ከእነዚህ ከሆነ ሌላውንም አብሮ 470 ላይ ያስቀረዋል። 750 እና 750 ቲአይ ከዚህ ውጪ ናቸው። ከኤኤምዲ በኩል አርኤክስ 580 በ8 ጊጋው ያጓጓል፤ ዋጋውም ደህና ነው። ነገር ግን ብሌንደር እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 3.0 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ካርዶችን ለስሌት ይጠቀምበት የነበረውን ኦፕን ሲኤልን ስለተወ በሳይክልስ ሬንደር አያደርግላችሁም። ለሞኒተር ብቻ ከሆነ ይሁን።

እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ስሌት መመረቱን፣ «መቆፈር» የሚሉትን፣ ሲያቆም ብዙ የቁፋሮ ካርድ ወደ ገበያ ፈሰሰ። የቁፋሮ ካርድ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚደክመው ማራገቢያውና ቺፑ ላይ የሚቀባው ፔስት ነው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። ግን የሞኒተር መውጫ የሌላቸው አሉ። ከኋላ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት መኖሩን እዩ።

እኛ ዕቃ የምንገዛው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተበላሸ ካርድ ለመመለስ እንደገና ተሳፍሮ መውረድ አለ። ስለዚህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትኑ። ፍላሽ ላይ ጂፒዩ-ዚ (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም) እና ፈርማርክ (ካርዱን በከባድ ሥራ የሚፈትን ፕሮግራም) ይዛችሁ ሂዱ። ጂፒዩ-ዚ ዋና ጥቅሙ አስመሳይ ካርድ ማጋለጡ ነው። አሮጌ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ላይ ባዮሱን (ውስጡ ያለውን መሠረታዊ ሶፍትዌር) ቀይረው 1050 ቲአይ ብለው የሚሸጡ አሉ፤ አዲሱ ጂፒዩ-ዚ «ፌክ» ብሎ ይጽፍበታል። ከዚያ ፈርማርክን ሩብ ሰዓት አስኪዱ። ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ወይም የቀለም መስመር ከታየ ካርዱን መልሱ። «ወንድሜ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ልየው» ሲባል የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። በቴሌግራም የምትገዙም ሳትፈትኑ ብር አትላኩ።

ሁለተኛው የት ይቀመጣል?

7010 ላይ ሁለት ረጃጅም ስሎት አለ። የላይኛው እውነተኛ ባለ 16 መስመር ነው። ሁለተኛው ቁመናው ባለ 16 ይሁን እንጂ ውስጡ 4 መስመር ብቻ ነው። ለሬንደር ይህ አያሳስብም። ትዕይንቱ አንዴ ካርዱ ላይ ከተጫነ ሒሳቡ እዚያው ይሠራል። አንድ መስመር ብቻ ቢኖር እንኳ በሁለተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያልፋል። 3 ጊጋ የሚመዝን ትዕይንት በ6 ሰከንድ ገባ ማለት ነው።

የሚያሳስበው ኃይሉ ነው። በቢሮ ማሽኖች ላይ እንዲህ ያለው ሁለተኛ ስሎት ብዙ ጊዜ 25 ዋት ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ማኑዋሉን እዩ። 75 ዋት የሚስብ ካርድ እዚያ ላይ መሰካት ማዘርቦርዱን ማቃጠል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ራይዘር የምጠቀመው። ራይዘር ማለት አንዱ ጫፉ በትንሿ፣ ባለ አንድ መስመር ስሎት ላይ የሚሰካ፣ ሌላው ጫፉ ካርዱን የሚሸከም ትንሽ ቦርድ ነው። መሐላቸውን ሰማያዊ የዩኤስቢ ገመድ ያገናኘዋል። ካርዱ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ሳይሆን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ይወስዳል።

ሁለት ነገር አደራ። ገመዱ ዩኤስቢ ቢመስልም ዩኤስቢ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ በፍጹም እንዳትሰኩት። ሁለተኛ፣ ራይዘሩ ኃይል የሚቀበለው በባለ 6 ቀዳዳ ገመድ ይሁን። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን የሳታ መቀየሪያ ጣሉት። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው። 75 ዋት ሲጎተትበት ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ እሳትም ያስነሣል። ሌሊት ሰው ተኝቶ የሚሠራ ማሽን ላይ ይህን ማድረግ አይገባም።

በራይዘር ያለ ካርድ ኬዝ ውስጥ አይገባም። እኔ በርና መስኮት ከሚሠሩ ሰዎች የአሉሚኒየም ቁራጭ ወስጄ በጣውላ ላይ ማቆሚያ አስመታሁ። የካርዱ የብረት ጠርዝ አሉሚኒየሙ ላይ በቡሎን ይታሰራል። የካርዱ ጀርባ ግን ምንም ብረት እንዳይነካው አድርጉ።

ስትገጥሙ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ፤ ከዚያ ማብሪያውን አንዴ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ። በበጋ አየራችን ደረቅ ነው፤ ብርድ ልብስና ሹራብ ሲፈተግ ሲንጣጣ ታውቁታላችሁ። ካርድ ከመያዛችሁ በፊት የኬዙን ብረት ንኩ። መጀመሪያ አንዱን ካርድ ብቻ ገጥማችሁ አስነሡ። ሲሠራ አጥፍታችሁ ሁለተኛውን ጨምሩ። ድራይቨሩን ከዚያ ጫኑ። ታስክ ማናጀር ላይ ሁለቱም ሲታዩ ሥራው አልቋል። ሁለተኛው ካልታየ የማዘርቦርዱን ባዮስ ወደ አዲሱ ከፍ አድርጉት፤ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) ግን አትሞክሩት፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ አይነሣም።

ብርድ አገር ነን ብላችሁ አትዘናጉ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ኮምፒውተራቸው እስከ 3,048 ሜትር እንዲሠራ ነው የሚፈቅዱት። መሐል ሜዳ ያላችሁ ከ3,000 በላይ ናችሁና ከጠርዙ ላይ ናችሁ። ብርዱ ይክሳል፤ ሌሊት ላይ በተለይ። ቢሆንም ኬዙን ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፤ የካርዱን ማራገቢያ ፍጥነት አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ከፍ አድርጉት። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ሙቀቱም አቧራውም አለባችሁ። ካርዱን ከ80 ዲግሪ በታች ለማቆየት የኃይሉን ገደብ ወደ 80 በመቶ ዝቅ አድርጉት። ፍጥነቱ የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው።

ስታብላይዘር ካላችሁ ተጠቀሙ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ ትንሽ ጠብቁ። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፤ ሞኒተሩም ከተጨመረበት ሥራ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ያህል እንጂ ሬንደር ለመቀጠል አይደለም።

ብሌንደር ውስጥ

ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ሲስተም ግቡ። ኩዳን መርጣችሁ ሁለቱንም ካርዶች ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ በሬንደር ገጹ ላይ ዲቫይሱን ወደ ጂፒዩ ኮምፒዩት ቀይሩ። ለአንድ ምስል ይህ ይበቃል። ሞኒተሩን ከማዘርቦርዱ ጋር ብትሰኩት ደግሞ የካርዶቹ ሜሞሪ ለሬንደር ነጻ ይሆናል፤ ለዚህ ባዮስ ላይ የመልቲ ሞኒተር ምርጫውን ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል።

ደንበኛው ቤቱን ዞሮ የሚያሳይ ቪዲዮ ከጠየቀ ግን ብሌንደርን ሁለት ጊዜ ክፈቱት። በአንዱ የመጀመሪያውን ካርድ ብቻ፣ በሌላው ሁለተኛውን ብቻ ምረጡ፤ ፕሪፈረንሱን ሴቭ አታድርጉት። ውጤቱ ቪዲዮ ሳይሆን በፒኤንጂ የተናጠል ምስል ይሁን። ሁለቱንም ወደ አንድ ፎልደር ላኳቸው። «ኦቨርራይት» የሚለውን አጥፉ፣ «ፕሌስሆልደርስ» የሚለውን አብሩ። አንዱ የጀመረውን ምስል ሌላው እየዘለለ ሁለቱ ሥራውን ይካፈላሉ። መብራት ቢሄድ ያለቁት ምስሎች ይቀራሉ። ሲመለስ ፎልደሩን በመጠን ደርድሩና 0 ባይት የሆኑትን ፋይሎች አጥፉ። እነሱ በመሐል የተቋረጡት ናቸው፤ ካልጠፉ ብሌንደር ያለቁ መስሎት ይዘላቸዋል። ከዚያ ሁለቱንም እንደገና አስጀምሩ።