ላይኛው ጥርሱ ለወጣ ፈረስ የሚሆን ልጓም

የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን በፈረሳቸው ስም «አባ ሻንቆ» ብሎ በሚጠራ አገር ተወልጄ፣ የፈረስ አፍ ገልጦ ማየት የተማርኩት በ30 ዓመቴ ነው። ያስተማረኝም ዳማ ፈረሴ ነው። ደላንታ ላይ ለጥምቀት ጉግስ ሳለማምደው፣ ዛቡን፣ የልጓሙን መሳቢያ ጠፍር፣ በሳብኩ ቁጥር አንገቱን ወደ ግራ ይጠመዝዛል። እልኸኛ መስሎኝ ገረፍኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የነቃሁት ያኘከውን ገለባ እየጠቀለለ ሲተፋ ሳይ ነው።

የላይኛው የፊት ጥርሱ ታችኛውን አልፎ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ፈረስ መንጋጋውም በትክክል አይገጥምም። የፈረስ ጥርስ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚወጣ፣ ከታች የሚፈጨው ያጣ ጫፍ እንደ መንጠቆ ይረዝማል። ከላይ መንጠቆው የሚወጣው በመጀመሪያው የመንጋጋ ጥርስ ላይ፣ ልክ ልጓሙ በሚያርፍበት አጠገብ ነው። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ጉንጩን እዚያ ላይ ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ ልጓም ከመግዛታችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም በሞረድ ያስተካክለው። የብረት ሞረድ ይዞ «እኔ አለሁ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ቡና ጠጥቶ ይሂድ።

ከዚያ ልኩን ውሰዱ። ሲባጎ ቋጥራችሁ ቋጠሮውን በአንዱ የከንፈር ጥግ ያዙ፣ በአፉ አሳልፋችሁ በሌላው ጥግ ምልክት አድርጉ፤ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። የኔው 11 ሆነ፣ ባለ 12 ገዛሁ።

ወፍራም ብረት አይጎዳም ይባላል። የደጋ ፈረሶቻችን አፍ ግን ጠባብ ነው፤ ወፍራሙ ምላስና ላንቃቸውን ይሞላዋል። መሐሉ ላይ አንዴ ብቻ የሚታጠፈው ደግሞ ሲሳብ እንደ ጉጠት ይቆነጥጣል። እኔ ቀጠን ያለ፣ ሁለት ቦታ የሚታጠፍ ለስላሳ ብረት መረጥኩ። የአባቴ ልጓም፣ ያ ላንቃ የሚገፋውና የታችኛውን መንገጭላ በቀለበት የሚያንቀው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሩጫ መሐል በአንድ እጅ ለማቆም ወደር የለውም፤ ለዚህ አፍ ግን አይሆንም።

ብረቱ በክራንቻውና በመንጋጋው መካከል ባዶው ድድ ላይ ይረፍ። ብዙ ሰው የከንፈሩ ጥግ ሁለቴ እስኪሸበሸብ ያጠብቃል፤ እዚህ አንድ ሽብሽብ ይበቃል። ቁስል ካለ እስኪሽር አፍንጫው ላይ በሚያርፍ ጠፍር ምሩት።

በመጀመሪያው ቀን አትጋልቡት፤ ለጉማችሁ በእግር አዙሩትና ምራቁ ላይ ደም እንዳለ እዩ። በውርጭ ጠዋት እኔ ብረቱን ብብቴ ሥር አሙቄ ነው የማጎርሰው፤ ሰፈሩ ይስቅብኛል።