በሊኑክስ ላይ የሚቆለፍ ሚሞሪ ገደብ ሲወሰን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የይለፍ ቃልና የምስጠራ ቁልፍ የሚይዙ ፕሮግራሞች ምስጢሩ ወደ ስዋፕ (ሚሞሪ ሲጠብ ይዘቱ ለጊዜው ወደሚዛወርበት የዲስክ ክፍል) ተገልብጦ ዲስክ ላይ እንዳይቀር የተወሰነ ሚሞሪ እንዲቆለፍላቸው፣ ማለትም ከራም እንዳይወጣ፣ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ይጠይቃሉ። ከርነሉ ግን ለተራ ተጠቃሚ የሚፈቅደው እስከ ተቀመጠለት ገደብ ድረስ ብቻ ነው፤ መነሻ ገደቡ ለብዙ ዓመታት 64 ኪሎባይት የነበረ ሲሆን ከከርነል 5.16 ወዲህ 8 ሜጋባይት ሆኗል። ገደቡን መቀየር የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ አስቸጋሪው የተጻፈው ቁጥር ፕሮግራሙ ዘንድ መድረሱን ማረጋገጥ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያባክነው ስህተት ገደቡን በማይመለከተው ፋይል ውስጥ መጻፍ ነው። በኢቲሲ ሥር፣ በሴኩሪቲ ማውጫ ውስጥ የሚገኘውን ሊሚትስ ኮንፍ የሚያነበው ፓም የተባለው የመግቢያ ሥርዓት ስለሆነ፣ በዚያ የሰፈረው ገደብ የሚጸናው ተጠቃሚው ሲገባ በሚከፈተው ሴሽን ላይ ነው። ሲስተምዲ (ከጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) በቀጥታ የሚያስነሣው አገልግሎት በተለመደው አሠራር በዚህ በር አያልፍም፤ ስለዚህ በተርሚናል ገደብ በሚያሳየው ዩሊሚት በተባለው ትእዛዝ ትክክለኛውን ቁጥር ያየ አስተዳዳሪ አገልግሎቱ አሁንም በአሮጌው ገደብ ላይ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ለአገልግሎት ገደቡ የሚጻፈው በራሱ የዩኒት ፋይል (ሲስተምዲ አገልግሎቱን ለማስነሣት የሚያነበው የቅንብር ፋይል)፣ በሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ ሊሚት ሜምሎክ በሚለው መመሪያ ነው፤ ከዚያም ሲስተምዲ ፋይሎቹን እንደገና እንዲያነብ ማዘዝና አገልግሎቱን ዳግም ማስነሣት ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ያለ ፕሮሰስ ፋይል ስለተለወጠ ብቻ ገደቡ አይለወጥም።

ሁለተኛው ስህተት መለኪያን ማምታታት ነው። ሊሚትስ ኮንፍና የባሽ ዩሊሚት በኪሎባይት ይቆጥራሉ፤ ሲስተምዲ ግን ከቁጥሩ በኋላ ምልክት ካልተጻፈ በባይት ይወስደዋል። በዚህም ምክንያት 65536 የሚለው ያው ቁጥር በመጀመሪያው ፋይል 64 ሜጋባይት፣ በሁለተኛው ደግሞ 64 ኪሎባይት ይሆናል። በሲስተምዲ 64 ብሎ ኤም የምትለውን ፊደል ማስከተል ግራ መጋባቱን ያስቀራል።

በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው የአስተዳዳሪ መለያ) ሞክሮ ሠራ ማለትም ያሳስታል። ሩት ሚሞሪ የመቆለፍ ልዩ መብት ስላለው ገደቡ አይነካውም፤ አገልግሎቱ በሩት ተነሥቶ ወደ ተራ ተጠቃሚ ሲወርድና መብቱን ሲለቅ ግን ገደቡ ይይዘዋል። ሙከራው አገልግሎቱ በሚሠራበት ተጠቃሚ ስም ይሁን።

ሌላው፣ በስንፍና የሚመረጠው መንገድ፣ ገደቡን ለሁሉም ተጠቃሚ ወሰን አልባ ማድረግ ነው። የተቆለፈ ገጽ (ከርነሉ ሚሞሪን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) ወደ ስዋፕ ሊወጣ ስለማይችል፣ የተበላሸ ወይም በክፉ ዓላማ የተጻፈ ፕሮግራም የማሽኑን ሚሞሪ ይዞ ሌሎቹን ሊያስርብ ይችላል። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ያህል ከጥቂት መጠባበቂያ ጋር፣ ለአንድ ተጠቃሚ ወይም ለአንድ አገልግሎት ብቻ መፍቀድ ይበቃል፤ መቆለፉ በሙሉ ገጽ፣ ማለትም በብዙ ማሽኖች በ4096 ባይት ልክ፣ እንደሚቆጠር ግን መዘንጋት የለበትም።

ማስጠንቀቂያን ችላ ማለትም የተለመደ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም መቆለፍ ሲሳነው አልነሣም ይላል፤ አንዳንዱ ግን አንድ መስመር ጽፎ ባልተጠበቀ ሚሞሪ ሥራውን ይቀጥላል። ማረጋገጫው ከርነሉ የፕሮሰሶችን መረጃ በሚያሳይበት በፕሮክ ሥር፣ በፕሮሰሱ መለያ ቁጥር በተሰየመው ማውጫ ውስጥ ነው፦ ሊሚትስ የሚለው ፋይል የጸናውን ገደብ በባይት ያሳያል፤ ስታተስ ውስጥ ቪኤምኤልሲኬ የሚለው መስመር ደግሞ በእርግጥ የተቆለፈውን መጠን በኪሎባይት ይሰጣል። በዚያ መስመር ላይ ዜሮ ከታየ፣ ፕሮግራሙ ቁልፉን አስቀድሞ ጭኖ ከሆነ፣ የገደቡ መስተካከል ገና ምንም አልጠቀመም።

በመጨረሻም መቆለፍ ከስዋፕ እንጂ ከሃይበርኔሽን አያድንም፤ ማሽኑ በሃይበርኔሽን ሲጠፋ የራም ይዘት ከነተቆለፈው ገጽ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ይህ ሥጋት ባለበት ማሽን ስዋፑን መመስጠር ወይም ሃይበርኔሽንን መዝጋት ያስፈልጋል።