ፑንቲና ለማሻሻል ሲሞክሩ የሚያሳስቱ ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቆየ ቮልስ ወይም ላንድ ሮቨር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ይቺ ፑንቲና ቶሎ ቶሎ እንዳትቃጠል ምን ላድርግ?» ፑንቲና ሁለት የብረት ጫፎቹ እየተገናኙና እየተለያዩ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ከረንት የሚያቋርጥ፣ በዚያም ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ የሚያደርግ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። መላ አለው። ችግሩ ሙከራው በደንብ ካልተያዘ የማይረባው ነገር የረዳ መስሎ መታየቱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሁሉንም ባንዴ መቀየር ነው። ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩ (በፑንቲናው ጫፎች ላይ የሚነሳውን ብልጭታ የሚያበርደው)፣ ካንዴላውና ኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ለካንዴላው የሚያሳድገው) በአንድ ቀን አዲስ ከሆኑ፣ መኪናው ሲሻለው የትኛው እንዳዳነው በምን ይታወቃል? እኔ ዓመት ሙሉ ኮይሉን ሳመሰግን ቆይቼ፣ አሮጌውን መልሼ ስገጥመው ሞተሩ ምንም አልተለወጠም፤ የረዳኝ ኮንደንሰሩ ኖሯል። አንዱን ቀይሩ፣ ንዱት፣ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያስወጣው ዳገት ሞተርን በደንብ ይፈትናል። ሆኖም አንዱን በማለዳ ብርድ፣ ሌላውን በቀትር የበረሃ ሙቀት ካወጣችሁ አላወዳደራችሁም።

በፑንቲናው ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ነክቶ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ መተውም ብዙ ሰው አሳስቷል። የቮልስ ክፍተት 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሰፋ ፑንቲናው ፈጥኖ ይከፈትና እሳቱ ይቀድማል፤ ሲጠብ ይዘገያል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር እዚህ ትንሽ የቀደመ እሳት ይወዳል። ስለዚህ «ክፍተቱን ባሰፋው ጉልበት ጨመረ» የሚል ሰው፣ ጉልበቱን ያገኘው ከታይሚንጉ ሊሆን ይችላል። ክፍተት በተነካ ቁጥር ታይሚንግ እንደገና ይስተካከል።

አንዱ ጫፍ ተቦርቡሮ በሌላው ላይ ጉብታ ካበቀለ ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት፣ ፊለር ጌጅ፣ ይዋሻል። ስስ ብረቱ ጉድጓዱን ዘሎ ስለሚያልፍ እውነተኛው ክፍተት ከተለካው ይበልጣል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም አይበጅም፣ ደቃቁ አሸዋ ተሰክቶ ይቀራል። ረቂቅ ሞረድ ተጠቀሙ፤ በንጹሕ ወረቀት ጥረጉ።

ኮንደንሰር ትልቅ ከሆነ ይሻላል ማለትም ትክክል አይደለም። የተለመደው መጠን 0.2 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው። ከልክ ሲያልፍ የካንዴላው ብልጭታ ይደክማል፤ ሲበዛም ሲያንስም ብረቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሸሻል።

ግራሶ ፑንቲናውን እየዞረ በሚከፍተው ካም ላይ በጣም ትንሽ ይበቃል። ሲበዛ ተረጭቶ ጫፎቹን ያጠቁራል፤ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ካሙን የሚታከከው ፋይበር ይበላና ክፍተቱ ይጠባል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ክፍት አትተዉ፣ ፑንቲናው ከተዘጋ ኮይሉ ይግላል።

ትራንዚስተር ማስገባት በእውነት የሚረዳ ማሻሻያ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው 6,000 ጊዜ ይከፈታል፤ ዋናውን ከረንት ትራንዚስተሩ ከተሸከመለት ጫፎቹ አይቃጠሉም ማለት ይቻላል። ስህተቱ ከረንቱን ከልክ በላይ መቀነስ ነው፤ ያኔ በጫፎቹ ላይ የሚያርፈው የዘይት ጭጋግ የሚያቃጥለው ያጣል። ፋይበሩም እንደ ድሮው መበላቱን አይተውም፣ ስለዚህ ክፍተቱን መለካት አይቀርም።

ከሁሉ በፊት ግን ፑንቲናውን ዝጉ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ቮልት ሜትሩን በሚንቀሳቀሰው ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል ያዙ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ የሚጠየቀው ፑንቲናው ብቻ አይደለም፤ የተገጠመበትን ዝርግ ብረት ከአካሉ ጋር የምታገናኘውን ትንሿን የተጎነጎነች ሽቦም እዩ።