የአብራሪዎች ማኅበራት ለአየር መንገድ ውህደት ሲዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብራሪ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከስሙ ጎን የማይለይ አንድ ቁጥር አለው፤ ይህም በአየር መንገዱ የቀደምትነት ዝርዝር ውስጥ የያዘው ተራ ነው። በየትኛው አውሮፕላን እንደሚመደብ፣ መቼ ካፒቴን እንደሚሆን፣ ለፋሲካ ፈቃድ ማግኘት አለማግኘቱን፣ ቅነሳ ሲመጣም ቀድሞ የሚወጣው ማን እንደሆነ በብዙ አየር መንገዶች የሚወስነው ይኸው ተራ ነው። ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ መሆን አለባቸውና አብራሪውን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው። እኔ በደብረ ብርሃን የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ድርጅታችን ከሌላ ጋር ሊዋሃድ በተባለ ጊዜ ልምድ ስፈልግ የአብራሪዎችን ታሪክ ያህል ያስተማረኝ አላገኘሁም። ፋብሪካ እየበዛ በመጣበት በሰሜን ሸዋ ለምንገኝ ማኅበራት ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ የተረዳሁትን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ውህደቱ እስኪታወጅ መጠበቅ ነው። ድርድሩ በምስጢር የሚካሄድ በመሆኑ፣ ዜናው በይፋ ሲነገር አሠሪው ጠበቆቹንና የሒሳብ ባለሙያዎቹን ካሰለፈ ሰንብቷል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጠንካራ የአብራሪዎች ማኅበራት ነገሩ ገና ጭምጭምታ ሳለ የውህደት ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ከመዋጮ ገንዘብ ይመድባሉ፤ አዲሱ ባለቤት የኅብረት ስምምነቱን፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው ስለ ሥራ ሁኔታ የተፈራረሙትን ውል፣ እንዲቀበል የሚያስገድድ አንቀጽም በሰላሙ ጊዜ ድርድር ያስገባሉ። ዴልታና ኖርዝዌስት የተባሉት የአሜሪካ አየር መንገዶች ውህደታቸውን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 ሲያስታውቁ የሁለቱ ወገን አብራሪዎች በዝርዝሩ ላይ አልተስማሙም ነበር። ሆኖም የጋራውን የኅብረት ስምምነት ግዢው በጥቅምት ከመጠናቀቁ በፊት ጨረሱ፤ የዝርዝሩን ጉዳይ ለገላጋይ ዳኞች ሰጥተውም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውሳኔ አገኙ። ይህ ፍጥነት የመጣው ቀድሞ ከተሠራ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቀላል ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ነው፤ የአባላትን መዝገብ አንድ በአንድ አለማጣራት። የአብራሪዎች ኮሚቴ የእያንዳንዱን አባል የቅጥር ቀን፣ የልደት ቀን፣ ያለ ደመወዝ የቆየበትን ጊዜና የያዘውን መደብ አጣርቶ በራሱ በአባሉ ፊርማ ያስጸድቃል፤ የአንድ ቀን ስህተት በዝርዝሩ ላይ ብዙ ሰው ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላልና። በእኛ አገር ደግሞ የሁለት ዘመን አቆጣጠር ችግር ይጨመርበታል። በሐምሌ ብርድ ከሽመና ክፍል አንዲት እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጡ። ከላስቲክ ከረጢት ያወጡት የቅጥር ደብዳቤ በእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል፤ ሐምራዊው ማኅተም ግን ይነበባል፤ መስከረም 1987 ዓ.ም. ይላል። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ሠራተኛ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሶ 1994 ብሎ ጽፎታል፤ ለውህደቱ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሌላው ሰው ደግሞ ያንኑ 1994 እንደ ኢትዮጵያ ዓመት ወስዶታል። የሰባት ዓመት አገልግሎታቸው በዚህ ጠፋ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ቤት ስገባ ያኛው ፋብሪካ መሠረቱም አልተጣለም ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ሁሉ ከደብዳቤ ጋር ስናመሳክር የእርሳቸው ዓይነት ስህተት ብዙ አገኘን። ደብዳቤውን ያላስቀመጠ ሠራተኛ ግን የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውም፤ ይህን ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

ሦስተኛው በችግር ጊዜ መብትን በተስፋ መለወጥ ነው። ቲ ደብሊው ኤ የተባለው አየር መንገድ ከስሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ንብረቱን አሜሪካን ኤርላይንስ ሲገዛው፣ የቲ ደብሊው ኤ አብራሪዎች መሪዎች ግዢው እንዳይፈርስ በመስጋት በስምምነታቸው ውስጥ የነበረውን የቀደምትነት ጥበቃ አንቀጽ ተዉት። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ሲወጣ ከ2,300 ገደማ አብራሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ከአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች ሁሉ በታች ተሰለፉ፤ ከመስከረሙ የሽብር ጥቃት በኋላ በመጣው ቅነሳም ብዙዎቹ ከሥራ ወጡ። በ2007 መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ፍትሐዊ የዝርዝር ውህደትን የሚያስገድድ ሕግ ቢያወጣም፣ ለእነርሱ ጊዜው አልፎ ነበር። መሪዎቹ የሥራ ዕድሉን ለማትረፍ መጨነቃቸው ይገባኛል፤ በጽሑፍ ያልሰፈረ ቃል ግን በግልግል ጠረጴዛ ላይ አይቀርብም።

ሌላው ስህተት ገላጋይ መርጦ ሲያበቃ ፍርዱ ሲጎመዝዝ መሻር ነው። ዩ ኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት የተባሉት አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2005 ተዋሃዱ፤ በ2007 ገላጋዩ ዳኛ ዝርዝሩን ሰጠ። በዩ ኤስ ኤርዌይስ ከ15 ዓመት በላይ ያገለገሉ አንዳንድ አብራሪዎች በአሜሪካ ዌስት ገና ከተቀጠሩ ወጣቶች በታች ሆኑ፤ የዳኛው ምክንያት የቀድሞ ድርጅታቸው ብዙ ሰው አሰናብቶ ስለነበር ያለ ውህደቱ ሥራቸው ራሱ አስተማማኝ አልነበረም የሚል ነው። ያገለገለ ሰው ይህን ሲሰማ ማዘኑ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በቁጥር የሚበልጡት የዩ ኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች በ2008 በድምፅ ብልጫ አዲስ ማኅበር መርጠው ፍርዱን ላለመቀበል ታገሉ። ውጤቱ የዓመታት ክርክር ሆነ፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ስም እየበረሩ በየራሳቸው አሮጌ ስምምነት ቆዩ፤ አንድ ዝርዝር የተገኘውም ድርጅቱ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ከተዋሃደ በኋላ በ2016 ነው። በእኛ አገር ሽምግልና ተቀማጩ ሽማግሌ ከመሰየሙ በፊት «በፍርዳችሁ እንገዛለን» ተብሎ ዋስ ይጠራል። ማኅበርም መለኪያውን፣ ማለትም የአገልግሎት ዘመን፣ የያዙት መደብና ሊደርሱበት ይችሉ የነበረው ዕድገት እንዴት እንደሚመዘን፣ ጉዳዩ ለዳኛ ከመቅረቡ በፊት ለጠቅላላ ጉባኤው አስረድቶ ማስወሰን ይገባዋል።

ኮሚቴው ዝም ሲል ወሬ ቦታውን ይይዛል፤ ስለዚህ አዲስ ነገር በሌለበት ሳምንትም ቢሆን «አዲስ ነገር የለም» ብሎ መለጠፍ ይጠቅማል።

በመጨረሻ የአገርን ሕግ አለማንበብ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅት መዋሃድ የሥራ ውልን አይለውጥም፣ አያቋርጥምም። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን የኅብረት ስምምነቱን ጉዳይ ነው፤ ወገኖቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ሁለቱም ድርጅቶች የየራሳቸው ስምምነት ሲኖራቸው ጸንቶ የሚቀጥለው ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ስምምነት ነው። እንግዲህ ሦስት መቶ አባላት ያሉት ማኅበር አምስት መቶ ሠራተኛ ካለው ድርጅት ጋር ሊዋሃድ ሲል፣ ለዓመታት ተደራድሮ ያገኘው የብርድ ልብስ አበልና የሕክምና ሽፋን ውህደቱ በተፈጸመበት ዕለት ሊቀር ይችላል። የሌላውን ስምምነት ቅጂ አስቀድሞ አስፈልጎ ከራስ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ ማነጻጸር፣ ከዚያኛው ማኅበር መሪዎች ጋርም አሠሪዎቹ ከመፈራረማቸው በፊት መቀመጥ ያስፈልጋል።