ጽጌረዳ ያለ ኬሚካል፦ በየጓሯችን የምንደጋግማቸው ስህተቶች

«ጽጌረዳ ያለ መድኃኒት አትያዝም» ነበር ያለኝ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ችግኞች የሸጠልኝ ሰው። ግማሹ እውነት ነው፤ እሱ የሸጠልኝ ዓይነት በእርግጥም ያለ መድኃኒት አይሆንም። ይህን ለማወቅ ግን ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው። ጓሮዬ አዲስ አበባ ስለሆነ ምክሩ ደጋ ላይ ላለ ሰው ይበልጥ ይሠራል።

ከእቅፍ አበባ መጀመር

በስጦታ የመጣን ቀይ ጽጌረዳ አገዳውን ቆርጦ መሬት ላይ ያልሰካ ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዴም ይጸድቃል፤ ጣጣው የሚመጣው ከጸደቀ በኋላ ነው። በባቱ፣ በሆለታና በሰበታ እርሻዎች የሚመረተው ጽጌረዳ የተመረጠው አገዳው ረጅም ስለሆነ፣ ተቆርጦ ብዙ ቀን ስለሚቆይና የአውሮፕላን ጉዞ ስለሚችል ነው። የሚያድገው በላስቲክ ቤት ውስጥ ነው፤ ዝናብ ቅጠሉን አይነካውም፣ በየጊዜውም ይረጭለታል። እንዲህ ተቀማጥሎ የኖረውን አውጥቶ ሐምሌ ዝናብ ላይ ማቆም ግፍ ነው፤ ነሐሴ ሳይጋመስ ቅጠሉን ያራግፋል። መዓዛም ቢሆን ብዙዎቹ የላቸውም።

ዓይነቱ በደንብ ከተመረጠ ግማሹ ሥራ አለቀ። የሚመረጠው ግን በመስከረም፣ ሁሉም ባማረበት ወር አይደለም። እኔ በነሐሴ ዣንጥላ ይዤ ሰፈር እዞራለሁ። በአሮጌ ግቢ አጥር ላይ፣ ማንም ሳይረጨው፣ ቅጠሉ ለምልሞ የቆየ ጽጌረዳ ካየሁ በሩን አንኳኳለሁ። እስካሁን ቅርንጫፍ የከለከሉኝ እናት የሉም፤ ቡና የጋበዙኝ ግን አሉ። አበባው ከረገፈበት አገዳ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ሁለት ሦስተኛውን መቅበር ነው። የቀረውን ክረምቱ ያጠጣዋል።

ግንብ ሥር መትከል

ቤት ሲሠራ የተረፈው ሲሚንቶና ኖራ የሚቀበረው እዚያው ግንቡ ሥር ነው። ጽጌረዳ ደግሞ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ትወዳለች፤ ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) ከ6 እስከ 6.5 ቢሆን ይስማማታል። ኖራ ሲበዛባት ከአፈሩ ብረት መውሰድ ያቅታታል፤ የአዲሱ ቅጠል ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው «ምግብ አንሷት ነው» ብሎ አመድ ይነሰንስላታል። አመድ ግን የኖራ ወንድም ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ከግንቡ አንድ ሜትር ያህል ራቅ፣ ከጣሪያ ፍሳሽ ወጣ ይበሉና በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። ሰፈርዎ ዋልካ ከሆነ መጀመሪያ ጉድጓድ ቆፍረው ማታ ውሃ ይሙሉት፤ ጠዋት ውሃው እዚያው ከተኛ ጉድጓዱን ይተዉትና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ።

ጥሬ ፍግ

ትኩስ እበትና የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላሉ። ከዚያ የባሰው ግን የሚታየው ውጤት ማማሩ ነው፤ ፍጉ ውስጥ ባለው ናይትሮጅን የሰከረች ጽጌረዳ ለስላሳና ውሃ የሞላው ቡቃያ ታወጣለች፣ ክሽክሽም (የተክል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ) እሱን ነው የሚፈልገው። ፍጉ አፈር አፈር እስኪሸት ድረስ ወራት ይብላላ። የቡና አተላም በየቀኑ ግንዱ ሥር ሲደፋ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ውሃ አያሳልፍም፤ ከብስባሹ ጋር ይቀላቀል።

ማታ ከላይ ማጠጣት

ማታ ከላይ ውሃ የፈሰሰበት ቅጠል እርጥብ ሆኖ ያድርና በሽታ ይጠራል። ውሃ በፈረቃ በሌሊት በሚመጣበት ሰፈርስ ሰው ምን ያድርግ? በርሜል ይሙላና ጠዋት ሥሯን ያጠጣ። በረኪና ያለበት የልብስ እጣቢ አይነካካት።

«ቤት የተሠራ ነው፣ አይጎዳም»

በጣም ያከሰረኝ ይሄ ነው። በቡቃያው ጫፍ ክሽክሽ ባየሁ ቁጥር ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣና ሳሙና አዋህጄ እረጭ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር ሰውነት ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው፣ ትንሽ አዞ የመሰለ ትል አየሁና እሱንም ጨፈለቅኩት። በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ያ ትል ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት የዚያች ውብ ጥንዚዛ ልጅ ነው፣ ቀለቡም ክሽክሽ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወታደሮቼን ስገድል ከርሜያለሁ።

አሁን መጀመሪያ በጣቴ እጠርጋለሁ ወይም በውሃ ግፊት አራግፋለሁ። ቀጥሎ ጉንዳን እንዳለ አያለሁ፤ ጉንዳን ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ እንደ ከብቱ ይጠብቀዋል፣ ሊበሉት የሚመጡትንም ያባርራል። ካልሆነ ብቻ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ በቅጠሉ የታችኛው ፊት በኩል እረጫለሁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። የትምባሆ ውሃ የሚመክርዎት ካለ አይስሙት፤ ከቅጠል ቢወጣም ኒኮቲን መርዝ ነው፣ ለንብም ለሚረጨውም ሰው።

ሁለቱን በሽታ አንድ ማድረግ

ጥቁር ነጥብ የክረምት በሽታ ነው። ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ ይይዘዋል፤ ነጥቡ ዙሪያ ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። የረገፈውን ለቅሞ ከግቢ ማስወጣት ነው እንጂ ወደ ብስባሹ መጣል አይደለም፤ የቤት ብስባሽ የበሽታውን ዘር ለመግደል የሚበቃ ያህል አይሞቅም። ነጩ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው፣ ሌላ ነው። እሱ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ቀኑ ደረቅ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነባቸው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ለሱ 1 እጅ ወተት በ9 እጅ ውሃ በጥብጦ በፀሐይ፣ በሳምንት አንዴ መርጨት ይረዳል። ጎረቤቴ «በጾም ወቅትስ?» ብላ ስቃብኛለች፤ ጽጌረዳዋ አትጾምም።

በሰው አገር ቀን መቁጠሪያ መግረዝ

ቪዲዮዎቹ ሁሉ «በረዶው ሲያልፍ ግረዙ» ይላሉ። እኛ ዘንድ ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ አትተኛም፤ የምንፈራው ዝናቡን ነው፤ በሐምሌ የተቆረጠ አገዳ ቁስሉ ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ዋናውን ግርዛት መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ወደ ውጭ ከሚያይ ዐይን (ቡቃያ ከሚወጣበት ጉብታ) ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በተሳለ መቀስ። መሐሏ ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይለፍባት። ከግርዛት እስከ አበባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ለገና የምፈልጋቸውን ጥቂቶች ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሜ እነካካቸዋለሁ፤ ፋሲካ ግን ቀኑ ስለሚዞር በየዓመቱ ጣቴን ስቆጥር ነው የምገኘው።