ዲሲ ውስጥ ቻርተር ስኩል ስታወዳድሩ ምን ምን ልታዩ ይገባል

ይሄ ዲሲ ለምትኖሩ ወላጆች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ይቅርታ፣ በነፃ የሚገባው የዲሲ ነዋሪ ልጅ ብቻ ነው። የዘመድ አድራሻ ሰጥቶ ማስመዝገብ የሚባለውንም እርሱት፣ ከተማው ተከታትሎ ያስከፍላል፣ ፍርድ ቤትም ያቆማል።

ብዙ ሰው ቻርተር ሲባል ፕራይቬት ይመስለዋል። አይደለም፣ ብሩ የመንግስት ነው፣ ክፍያም የመግቢያ ፈተናም የለውም፣ የሚያስተዳድረው ግን የከተማውን መደበኛ የመንግስት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው ዲሲ ፐብሊክ ስኩልስ ሳይሆን የራሱ ቦርድ ያለው ድርጅት ነው። የሰፈር ክልል የለውም፣ አናኮስቲያ እየኖራችሁ ብራይትውድ ያለውን መሞከር ትችላላችሁ። በከተማው በመንግስት ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ቻርተር ውስጥ ስለሆኑ ምርጫው ብዙ ነው፣ የሚያደናግረውም እሱ ነው።

እኛ ጋ የሚሆነው ምንድነው፣ ቤተክርስቲያን ወይ ለቅሶ ቤት "የእከሌ ልጅ እዛ ነው፣ አሪፍ ነው" ይባላል ከዛ ሁላችንም እዛው ላይ እንረባረባለን። የእከሌ ልጅ ግን ስምንተኛ ክፍል ነው፣ የናንተዋ ገና 3 ዓመቷ ነው። ስለዚ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ የት እንደሚያልቅና ከዛ በኋላ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ዋሽንግተን ላቲንና ቤሲስ ለምሳሌ ከ5ኛ ክፍል ነው የሚጀምሩት፣ የፕሪኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው) ልጅ ይዞ ስለነሱ መጨነቅ አያስፈልግም። የቋንቋ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ፣ ላምብና ሙንዶ ቨርዴ በስፓኒሽ፣ ዩ ዪንግ በቻይንኛ፣ ስቶክስ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ፣ ዲሲ ኢንተርናሽናል ከሚባለው ሚድልና ሃይስኩል ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ማለትም ትንሿ ልጅ አሁን ከገባች ለሚድልና ለሃይስኩል መንገዱ በግማሽ ተከፍቷል ማለት ነው። እነዚ ጋ ፕሪኬ 3 (የ3 ዓመት ልጆች ክፍል) ላይ መግባት ይሻላል፣ ክፍሉ ከፍ ባለ ቁጥር ቦታ ይጠባል። "ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ፣ እንግሊዝኛው የት ሊገባ ነው" ለምትሉ፣ እንግሊዝኛውን ከመንገድም ከቲቪም ያገኙታል፣ የሚጠፋው አማርኛው ነው።

ፈተና ላይ ረጋ በሉ። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍልና ሃይስኩል ላይ ዲሲ ኬፕ የሚባል ፈተና አለ፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፣ 4 እና 5 ያገኘ ለክፍሉ የሚጠበቀው ላይ ደርሷል ይባላል። ሰው የሚያየው ስንት ፐርሰንት 4 እና 5 አገኘ የሚለውን ነው፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራችሁ ወላጆቹ ምን ያህል ሀብታም እንደሆኑ ነው። እኔ ከሱ ይልቅ እድገቱን ነው የማየው፣ ልጁ ከአምና ዘንድሮ ምን ያህል ጨመረ የሚለውን። የከተማው ስኩል ሪፖርት ካርድ የሚባል ዌብሳይት ላይ እድገቱም አለ፣ እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ልጆች ውጤትም ለብቻው ተቀምጧል፣ ልጃችሁ ከሀገር ቤት በቅርብ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው። ስንት ልጅ ሰስፔንድ እንደተደረገና ስንቱ ከትምህርት ገበታ እንደሚቀር እዛው ታገኛላችሁ።

ሰው የማያየው ነገር ደግሞ ገንዘቡ ነው። ኦገስት 2024 ኢግል አካዳሚ የሚባለው ቻርተር ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተዘጋ፣ ወላጆች በዛች ሳምንት ሌላ ቦታ ፈልጉ ተባሉ። ቻርተሮቹን የሚቆጣጠረው የከተማው የቻርተር ቦርድ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የፋይናንስ ሁኔታ በሪፖርት ያወጣል፣ አካውንታንት መሆን አያስፈልግም፣ የተማሪ ቁጥሩ በየዓመቱ እየቀነሰ ከሆነ ብሩም እየቀነሰ ነው፣ ምክንያቱም የሚከፈላቸው በተማሪ ቁጥር ነው።

ከዛ መንገዱ። ስኩል ባስ አብዛኞቹ የላቸውም። ከ5 ዓመት ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች ባስና ሜትሮ በነፃ ነው ግን የ5 ዓመት ልጅ ብቻውን ባስ አይሳፈርም፣ አንዳችሁ ኡበር የምትነዱ ሌላችሁ ማታ ሺፍት የምትገቡ ከሆነ አፍተርኬር (ከትምህርት በኋላ ልጆቹ የሚቆዩበት) እስከ ስንት ሰዓት ነው፣ ስንት ነው፣ ቦታ አለ ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትመርጡ። ለመጎብኘት ስትሄዱም በስራ ቀን ክፍል ውስጥ ልጆች ሲማሩ አሳዩን በሉ፣ ኦፕን ሃውስ ሁሉም ያሸበርቃል። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

ምዝገባው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው ሎተሪ ነው፣ በአማርኛም አለ፣ እስከ 12 ትምህርት ቤት ይመረጣል። ሃይስኩል ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ከዛ በታች ያለው ማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፣ እስከዛ ቀድሞ የገባም መጨረሻ ላይ የገባም እኩል ነው። አንዱ ከወጣላችሁ ከሱ በታች የፃፋችኋቸው ይሰረዛሉ፣ ከሱ በላይ ያሉት ላይ ዌይትሊስት (የተጠባባቂ ዝርዝር) ትገባላችሁ፣ ስለዚ "ይሄ አይደርሰኝም" ብላችሁ የምትወዱትን ወደታች አታውርዱ፣ ከልባችሁ የምትፈልጉትን አንደኛ ፃፉ፣ የማትልኩበትን ጭራሽ አትፃፉ። ወንድም ወይ እህት እዛ ካለ ቅድሚያ ይሰጣል። የሰፈራችሁንም ትምህርት ቤት አብራችሁ አወዳድሩ እንጂ፣ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ያለ ሎተሪ መብታችሁ ነው፣ አንዳንዱ ከማዶ ካለው ቻርተር ይሻላል።

ውጤቱ ማርች መጨረሻ ይወጣል፣ ዌይትሊስቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ይንቀሳቀሳል። ስልክ ከቀየራችሁ አካውንቱ ላይ አስተካክሉ፣ ኦገስት ላይ የማታውቁት ቁጥር ሲደውልም አንሱ፣ ለመልስ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው።