ፖከር ላይ መበላት ሲደጋገም፦ መደብ ስናወርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ለሰባት ሳምንት ያህል አሸንፌ የተነሣሁበት ሌሊት በጣት የሚቆጠር ነበር። የምጫወተው ኒው ጀርሲ ነው፤ እዚህ ኦንላይን ፖከር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሕጋዊ ነው። የለመድኩት ጠረጴዛ ብላይንዱ (ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ የሚያስቀምጡት ገንዘብ) 10 እና 25 ሳንቲም፣ ሙሉ መግቢያው 25 ዶላር ነው። 750 ዶላር ነበረኝ። 500 ስደርስ መደብ አወርዳለሁ፣ ማለትም አነስተኛ ገንዘብ ወደሚጠይቅ ጠረጴዛ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ የወረድኩት ግን 310 ላይ ነው። በመካከል የሄደውን 190 ዶላር ካርታ አልበላብኝም፤ እልህ ነው የበላው። እንግሊዝኛው ቲልት የሚለውን ነገር እኛ ድሮም በደንብ የምናውቀው በዚህ ስሙ ነው።

የመበላቱን ርዝመት አሳንሶ መገመት

ብዙ ሰው ሦስት መጥፎ ቀን ካለፈ ካርታው ይታረቀኛል ብሎ ያስባል። ካርታ ግን ያለፈውን አያስታውስም። ሁለት ኤስ ይዘው ሁለት ኪንግ ከያዘ ሰው ጋር ከፍሎፕ (ለሁሉም በጋራ ከሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች) በፊት ኦል ኢን ቢገቡ፣ ማለትም ያለዎትን ሁሉ ቢያስይዙ፣ ከ5 ጊዜ አንዱን ገደማ ይሸነፋሉ። ይህ ግፍ አይደለም፤ ሂሳቡ ነው።

አንድ ጎበዝ ተጫዋች በ100 እጅ (በ100 ዙር ጨዋታ) 5 ትልቅ ብላይንድ ያተርፋል እንበል። በስድስት ሰው ጠረጴዛ የውጤቱ መዋዠቅ በ100 እጅ 90 ብላይንድ ገደማ ቢሆን፣ ይህ ጎበዝ ሰው ከ10,000 እጅ በኋላ ከስሮ የመገኘት ዕድሉ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። ሁለት ጠረጴዛ ከፍቶ በሰዓት 150 እጅ የሚጫወት ሰው 10,000 እጅ ለመሙላት ከ60 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ከአንድ ወር በላይ ማለት ነው። በደንብ እየተጫወቱ አንድ ወር ሙሉ መበላት አለ፤ ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሳይቱ ይሰርቃል ማለት ይጀምራል። እኔም ብዬ ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረኝም።

በአንድ ሌሊት ለመመለስ ወደ ላይ መዝለል

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። 60 ዶላር የተበላ ሰው መግቢያው 100 ዶላር የሆነ ጠረጴዛ ሲያይ አንድ እጅ ብቻ ካሸነፍኩ ዕዳዬ ተዘጋ ብሎ ያስባል። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ግን ከለመዳቸው ይበረታሉ፤ እሱ ደግሞ ደክሞታል፣ ተናዷል። ችሎታም ከዚህ አያድንም። ኢሲልዱር1 በሚል ስም ይጫወት የነበረው ስዊድናዊው ቪክቶር ብሎም በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ለብራያን ሄስቲንግስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ተበልቷል። ብሎም በዘመኑ ሁሉ የሚፈራው ተጫዋች ነበር።

የመውረጃውን ቁጥር በጨዋታ መሃል መወሰን

ሁሉንም የሚያበላሸው ይህ ነው ባይ ነኝ። የሚወርዱበትን ቁጥር መወሰን ያለብዎት ጠዋት ቡና ሲጠጡ ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይንዎ ቀልቶ የወሰኑት ውሳኔ አይሆንም። ለ25 ዶላር ጠረጴዛ 750 ዶላር ቢይዙ 30 መግቢያ አለዎት። 500 ሲደርስ መግቢያው 10 ዶላር ወደሆነው ጠረጴዛ ቢወርዱ፣ ያው ገንዘብ በአንድ ጊዜ 50 መግቢያ ይሆናል። ገንዘቡ ሳይጨምር ትንፋሽ ያገኛሉ። እኔ እንዳደረግሁት 310 ላይ ቢወርዱ ግን 31 መግቢያ ብቻ ይዘው፣ ልብዎ ተሰብሮ ነው የሚጀምሩት።

የ2000ው የዓለም ሻምፒዮን ክሪስ ፈርጉሰን ከዜሮ ተነሥቶ 10,000 ዶላር ለመድረስ ሲነሣ ሕጉ ቀላል ነበር፤ በካሽ ጨዋታ (ከውድድር ውጭ በቀጥታ በገንዘብ በሚደረገው) ካለው ገንዘብ ከ5 በመቶ በላይ ይዞ አይቀመጥም፤ ሲጎድልበት ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ ደጋግሞ ባዶውን ቀርቶ መግቢያ ወደማይከፈልባቸው ውድድሮች ተመልሷል፤ በመጨረሻ ግን ደረሰ። የዓለም ሻምፒዮን በሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

እግር ወርዶ ልብ ከላይ መቅረት

ወደ 5 እና 10 ሳንቲሙ (መግቢያው 10 ዶላር ወደሆነው) በወረድኩ በመጀመሪያው ማታ ንግሥትና 10 ይዤ ገባሁ። ፍሎፑ ኤስ፣ 7፣ 2 ወጣ። ምንም አልያዝኩም። ኤስ እንዳለኝ አስመስዬ መታሁ (ገንዘብ አስያዝኩ)፤ ተጋጣሚዬ ኮል አደረገ፣ ያስያዝኩትን ያህል ከፈለ። ደግሜ መታሁ፤ ኮል። በመጨረሻ የቀረኝን 6 ዶላር ገፋሁ። ጊዜ ወስዶ አሰበና በአንዲት 7 ጥንድ ኮል አድርጎ በላኝ። ደደብ ብዬ ስሳደብ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ምን ሆንክ አለችኝ።

ስህተቱ የኔ ነበር፤ እሱ ትክክል ነው። በዝቅተኛ መደብ ሰው ካርታውን ለማየት ይከፍላል፤ ፎልድ የማያደርግን (ካርታውን ጥሎ የማይወጣን) ሰው በማስፈራራት መብላት አይቻልም። እዚያ የሚያዋጣው ጥሩ ካርታ ሲይዙ በደንብ ማስከፈል፣ ሳይዙ በጊዜ መተው ነው። ሌላው ደግሞ 10 ዶላር ናት እያሉ እንደመጣ መጫወት አለ። ሳይቱ በአብዛኛው እጅ ጠረጴዛ ላይ ከሚጠራቀመው ገንዘብ 5 በመቶ ገደማ ይቆርጣል፤ በዝቅተኛ መደብ ይህ ቁርጥ ይከብዳል፤ በግዴለሽነት የሚጫወት ሰው እዚያም ይከስራል።

የተሸነፉበትን እጅ ሳያዩ መተኛት

ወይም ማታውኑ ተናደው ማየት። እኔ በማግስቱ ነው የማየው፣ አምስት ትልልቅ እጅ ብቻ። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ተጋጣሚዬ የያዘውን ባላይ ኖሮ ያንኑ አደርግ ነበር ወይ?

የጨዋታ ያልሆነ ገንዘብ መንካት

የቤት ኪራይና አገር ቤት ለእናት የሚላክ ገንዘብ መግቢያ አይሆንም። ከዚያ ለአንድ ማታ ብዬ ወሰድኩ ካሉ፣ ወይም የተበሉትን ከትዳር ጓደኛ መደበቅ ከጀመሩ፣ ጉዳዩ መደብ ከማውረድ አልፏል፤ ማቆም ነው ያለብዎት። በኒው ጀርሲ የጌሚንግ ተቆጣጣሪው ክፍል ኦንላይን ጨዋታን በተመለከተ ለ1 ወይም ለ5 ዓመት ራስን የማሳገድ መዝገብ አለው። አንዴ ከተመዘገቡ በግዛቲቱ ሕጋዊ ሳይቶች ሁሉ ላይ ይታገዳሉ፤ ጊዜው ሳይሞላም አይነሣም።